ቦዩ ውሃ ሳይጠጣ

ሁዌይሚል መሮውን በቀይ ጠመኔ ባሰመረው ጉብታ ላይ አሳርፎ መዶሻውን ሲያነሳ፣ ታላቅ እህቱ የውሃውን ጀሪካን ከቦዩ ራስ ላይ ዘጭ አድርጋ አስቀመጠችው። የጥንቶቹ የፔትራ ሰዎች ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት በገደሉ ወገብ የፈለፈሉትን ቦይ መጠገን የእሱ ሥራ ነበር። ጉብታው ደግሞ በቦዩ ወለል መሀል የተገተረ እንቅፋት መስሎታል።

«ጠራቢው እዚህ ጋ ሲደርስ እንቅልፍ ጥሎታል፣ እትዬ» አላት። «ውሃ ዳገት አይወጣም።»

«አንተ ለሰፈራችን የዘረጋኸው ቧንቧስ መች ቁልቁለቱን ወረደ?» አለችው። «እንግዳ ውሃ ሳይጠጣ ጉዳይህ ምንድን ነው ተብሎ ይጠየቃል? እንዲህ አድርገው ነው ያሳደጉን? መጀመሪያ ቦዩን አጠጣው።»

መዶሻውን ሳያስቀምጥ እየተነጫነጨ ጀሪካኑን አዘነበለ። ውሃው የዘመናት አቧራ እየጠረገ ደፍርሶ ወረደና ጉብታው ሥር ሲደርስ ቆመ። «ይኸው፣ አላልኩሽም?» ሊላት አፉን ከፈተ። ውሃው ግን ቀስ እያለ ሞላ፤ አሸዋውን እንደ ሸክም ከሥሩ አራገፈ፤ ከዚያ በጉብታው አናት ላይ ኩልል ብሎ ተሻገረ። ሁዌይሚል መዶሻውን መቼ እንዳስቀመጠው አላወቀም። ተንበርክኮ ጉብታውን ከተሻገረው ውሃ በእፍኙ ጠጣ። አንዲት የአሸዋ ቅንጣት እንኳ ጥርሱ ሥር አልገባችም።

«በል፣ እንግዳህ ጠጥቷል» አለች እህቱ። «አሁን ጉዳዩን ጠይቀው።»

እሱ ግን የጥምጥሙን ጫፍ በዚያው ውሃ ነክሮ፣ ቀዩን መስመር ማጥፋት ጀምሮ ነበር።