የኋላው መልህቅ

የባሕር ወንበዴዎቹ ጫማቸውን ሳያወልቁ ቤተ መቅደስ ገብተው የደሴቲቱን ታቦት በመጎናጸፊያው ጠቅልለው ወሰዱ። ከመካከላቸው አንዱ ክርስትና የተነሣው እዚያው ነበር፤ ባሕር ማዶ ከተማረ ወዲህ ግን ታቦት ለእሱ የተቀረጸ እንጨት ነው። ቢሆንም ያጠመቁት ቄስ በሩ ላይ ተደፍተው ሲያለቅሱ ዝም ብሎ ማለፍ አልሆነለትም። መርከቧ ላይ እንደ ወጡ፣ ማንም ሳያየው የኋላውን መልህቅ ቀስ ብሎ ወደ ባሕር አወረደ።

ሸራው ተዘረጋ፤ ነፋስም ሞላው። መርከቧ ግን አልሄደችም።

«ምን ሆና ነው?» አለ አለቃው።

«ታቦቱ ነው ጌታዬ። አልሄድም ካለ አይሄድም» አለ ሰውዬው።

ወጥ ቤቱ ሳቀበት። «አንተ የፈረንጅ ተማሪ! ከመቼ ወዲህ ነው ያመንከው?»

«እንግዲያው አንተ አንቀሳቅሳታ!»

አለቃው ጢሙን እያሻሸ ብዙ አሰበ። «እስከ ቀትር እንይ። እንቢ ካለች እንመልሰዋለን።»

ነፋሱ በረታ። ሰውዬው ገመዱ እንዳይበጠስ ሰግቶ ተደብቆ ወደ ኋላ ሄደና ሳበው። ገመዱ ያለ አንዳች ክብደት ተጎትቶ ወጣ። ጫፉን ዐለት በልቶታል፤ መልህቁ የለም።

ቀና አለ። ሸራው ሊቀደድ እስኪደርስ ተወጥሯል። ደሴቲቱ ግን እዚያው ፊት ለፊቱ ናት።