የቤቱ ምስክርነት

ቤት በፍርድ ቤት መመስከር ከጀመረ ወዲህ ጠበቃ ውብሸት ምስክር ፍለጋ መንከራተት ቀርቶለታል። በፍቺ ክስ ግድግዳው የሰማውን ይናገራል፣ የቢሮው ማሽን ያጠናቅራል፣ እሱ «ትክክል ነው» ብሎ ይፈርማል። የደንበኛው የየሺመቤት ቤት የሰጠውን ቃልም ሳያነብ ነበር የፈረመበት። «እናት ልጇን ዓመቱን ሙሉ አንድ ቃል እንኳ አላነጋገረችም» ይል ኖሯል። ዛሬ ጠዋት ዳኛው ልጅቷ ለአባቷ እንድትሰጥ ወሰኑ።

የሺመቤት ከተወለደች ጀምሮ አትሰማም፣ አትናገርም፤ ከልጇ ጋር የምታወራው በእጇ ነው። ውብሸት ይህን አሳምሮ ያውቅ ነበር።

ቤቷ ሲደርስ ዕቃ እያጠበች አገኛት። ለማውራት እጆቿን በሽርጧ አደራረቀች። እሱ የምልክት ቋንቋ አይችልም፤ እንደወትሮው ትንሿን ሶስናን እንድታስተረጉምለት ለመናት።

«ለእናትሽ ንገሪያት፣ የኔ ልጅ። ተፈርዶብናል። ከሰኞ ጀምሮ አባትሽ ጋ ነሽ። ጥፋቱ የኔ ነው በያት።»

ሶስና አፍጥጣ አየችው። ከዚያ ወደ እናቷ ዞራ ጣቶቿን ማንቀሳቀስ ጀመረች።

የየሺመቤት ፊት በራ። እጆቿን ወደ ሰማይ ዘረጋች፤ ጎንበስ ብላም የውብሸትን እጅ ሳመች።

«ምን አልሻት?» አለ ወደ ሶስና ዞሮ።

«እስከ ሰኞ ደስ ይበላት፣ ጋሼ።»