አስራ ሁለተኛው ኮምፒውተር

ታክሲው ዝናቡ መሐል አውርዶት ሄደ። ላጲስ ሲስተም መጫኛ ሰርቨሩን በላስቲክ ጠቅልሎ፣ እሱ ራሱ በስብሶ፣ ፊት ለፊቱ ባገኘው በር ዘው አለ። አራተኛ ፎቅ ተብሏል፤ አራተኛ ፎቅ ወጣ።

ላጲስ እናቱ ያወጣችለት ስም አይደለም። ከስምንት ወር በፊት፣ በቀድሞ መሥሪያ ቤቱ፣ ሌላ ቅጂ የሌለው ዲስክ ሰርዞ የአንድ ዓመት የሕሙማን ፎቶግራፍ ድራሹን ሲያጠፋ ባልደረቦቹ የለጠፉበት ነው። ከሥራው ሲባረር ስሙም አብሮት ወጣ።

አሁን የቀጠረው የእህቱ ባል ነው፤ እሱንም እህቱ አልቅሳ ለምናው።

“ትናንት የተዋዋልነው ሥራ ነው፤ ጨርሰውና ቋሚ ትሆናለህ” አለው ጠዋት። “አስራ ሁለት ኮምፒውተር። ሰዎቹ ፋይላቸውን ሌላ ቦታ ገልብጠው አስቀምጠዋል። ግን በጨረታው የረታነው ሰውዬ ቂመኛ ነው፤ አንድ ተንኮል ሳይተክል አይቀርም። ዓይንህን ግለጥ። ይህን ካበላሸህ ደግሞ እኔም የለሁ፣ እህትህም የለች።”

በሩን የከፈተችለት ጸሐፊ ገና ስታየው ፊቷ በራ።

“የኮምፒውተሩ ሰው ነህ? እሰይ! ሳምንት ሙሉ ስንደውል ከረምን እኮ። እየተንቀራፈፉ ጨረሱን።”

“እትዬ፣ ያለባቸውን ሁሉ አጥፍቼ አዲስ ሲስተም ልጭንባቸው ነው። የምትፈልጉት ነገር የለም?”

“እነሱ ላይ ምንም የለም። ሥራችንን እኚያ ጋሼ ደህና ቦታ አስቀምጠውታል። አንተ ብቻ ሁሉም ላይ ጫን፣ ይፍጠኑልን።”

ላጲስ ቆጠረ። አስራ አንድ ናቸው።

“አስራ ሁለት አልነበሩም?”

“እኔ እንጃ፤ ቁጥር ላይ የለሁበትም” አለችው።

መስኮቱ ጥግ የተቀመጡ መነጽራም ሽማግሌ እርሳሳቸውን አኑረው አፈጠጡበት።

“ማን ላከህ?”

“አለቃዬ ነው፣ አባባ።”

“ሌላ ሰው ነበር የሚመጣልን።”

ሌላ ሰው! ላጲስ ጨረታ የተረታው ሰውዬ ትዝ አለው። ነገሩን ለማለስለስ ያህል፣ “እዚህ ምንድን ነው የሚሠራው?” አላቸው።

“መዝገበ ቃላት። አስራ ዘጠኝ ዓመት ቃል ስንለቅም ኖረን፣ በመጪው ወር ማተሚያ ቤት ይገባል።”

አስራ ዘጠኝ ዓመት ሲባል ላጲስ ተመልሶ ኮምፒውተሮቹ ላይ የሚቀር ነገር እንደሌለ ጸሐፊዋን ጠየቃት። ጥቂት ቆይቶ ለሦስተኛ ጊዜ ሲጠይቃት ሳቀችበት።

“ምነው፣ ፈሪ ነህ እንዴ?”

ፈሪ ነበር። ከዚያ ከተረገመ ዲስክ ወዲህ የኮምፒውተር ቁልፍ በተጫነ ቁጥር ልቡ ድው ይላል።

ሥራው ለሚያውቀው ቀላል ነው። ሰርቨሩን ከቢሮው መስመር ጋር ማገናኘት፣ ከዚያ ኮምፒውተሮቹን ማስነሳት። እያንዳንዱ ሲነሳ መስመሩ ላይ፣ ሲስተም የሚሰጠኝ ማነው ብሎ ይጣራል። ቀድሞ የመለሰለትን ያምናል፤ የሰጠውን ይውጣል፣ የነበረውን ይሰርዛል።

የመጀመሪያውን አስነሳ። መልስ መጣለት። ስክሪኑ ላይ የወጣው ቁጥር ግን የላጲስ ሰርቨር ቁጥር አይደለም።

ገመዱን በድንጋጤ መነጨቀው። ሁለተኛውን ሞከረ፤ ያው ቁጥር። ሦስተኛውም ያው። እዚህ ቤት ውስጥ አንድ የማያውቀው ነገር ከእሱ ቀድሞ እየመለሰ ነው።

ተንበርክኮ ገመዶቹን በእጁ እየዳሰሰ ተከተለ። አንድ ግራጫ ገመድ በምንጣፉ ሥር ሹልክ ብሎ፣ ግድግዳውን ታክኮ፣ የተቆለፈ ቁም ሳጥን ውስጥ ገባ። ጆሮውን በሩ ላይ ለጠፈ። ውስጥ የሆነ ነገር እያጉረመረመ ነው።

“ወደዚያ ምን ወሰደህ?”

ሽማግሌው ናቸው፤ ከጀርባው ቆመዋል። መቼ እንደተነሡ አልሰማም።

“ገመድ እያየሁ ነው፣ አባባ።”

ሽማግሌው የቁም ሳጥኑን በር ሳብ አድርገው መቆለፉን አረጋገጡ። ወንበራቸው ላይ ተመልሰው ቢቀመጡም ዓይናቸውን ከእሱ ላይ አላነሡም። እኚህ ሰውዬ ያውቃሉ፣ የዚያ ቂመኛ የውስጥ አርበኛ እሳቸው ናቸው አለ ላጲስ በሆዱ።

የምሳ ሰዓት ሲደርስ ሽማግሌው ከዘራቸውን ይዘው ወጡ። ጸሐፊዋም ጃንጥላዋን ስትዘረጋ በሩ ላይ ደረሰባት።

“እትዬ፣ የቁም ሳጥኑን ቁልፍ። እዚያ ውስጥ ያለውም ላይ ልጫን?”

“ሁሉንም አልኩህ እኮ! አንድም እንዳይቀር። ስትጨርስ ግን መልሰህ ቆልፈው፤ ጋሼ ይቆጡኛል።”

ከፈተው። አቧራ የጠገበ ጥቁር ሳጥን ነው፤ ስክሪን የለው፣ የማን እንደሆነ የሚል ጽሑፍ የለው። ትንንሽ አረንጓዴ መብራቶቹ ብቻ ብልጭ ድርግም ይላሉ።

ገመዱን ነቅሎ ሊተወው አሰበ። ግን ነገ እኚያው ሽማግሌ መልሰው ቢሰኩትስ? የእህቱ ባል እንደሆነ ሰበብ አይሰማም። ከራሱ ሰርቨር ጋር ብቻ አገናኘና አጥፍቶ አስነሳው። ሳጥኑ እንደማንኛውም ኮምፒውተር ተጣራ። ላጲስ መለሰለት። የነበረው ሁሉ ተሰረዘ፣ አዲሱ ተጫነ።

አስራ ሁለት ሞላ። ጎደለ ያለው ለካ ይኸው ነው፤ ሰዎቹም ቆጥረውት ኖሯል።

ከዚያ በኋላ የሚቀድመው አልነበረም። አስራ አንዱንም በተርታ አስነሳቸው፤ ሁሉም የእሱን ቁጥር አወጡ። ስክሪኖቹ አንድ በአንድ ሰማያዊ ሲሆኑ ፍርሃቱ ከትከሻው ላይ ወረደ። ቁም ሳጥኑን ቆለፈ። ወንበር ስቦ ተቀመጠ፣ የረጠበ ጫማውን አወለቀ፣ ለእህቱ ምን ብሎ እንደሚያበስራት አሰበ።

የሽማግሌው ከዘራ ደረጃው ላይ ኳ፣ ኳ ሲል ስልኩ ጮኸ። የእህቱ ባል ነው። ላጲስ እየሳቀ አነሣው።

“አንተ፣ የት ገብተህ ቀረህ? ደንበኞቻችን ከጠዋት ጀምሮ በር ከፍተው እየጠበቁህ ነው እኮ!”