ከበሮው የሚከተላት ሴት

በፖርቶ ሪኮ የቦምባ ጭፈራ ከበሮው ጨፋሪዋን ይከተላል እንጂ እሷ ከበሮውን አትከተልም። ትከሻዋን ስትነቀንቅ አንድ ምት፣ ቀሚሷን ስታርገበግብ ሌላ ምት ይመልስላታል። ዶን ሴሌስቲኖ አርባ ዓመት ሙሉ ለአንዲት ጨፋሪ ከበሮ ሲመታ ኖሮ፣ በቀብሯ ዕለት ከሬሳ ሣጥኗ አጠገብ ከበሮውን ታቅፎ ተቀመጠ።

አናጢው ክዳኑን ሊገጥም ሲል ከበሮው ድም አለ።

«ምን ነካዎት ዶን ሴሌስቲኖ? ለቀስተኛው ሳቀብን እኮ!» አለ ልጇ።

«እኔ አልጀመርኩም።»

«ሐኪሙ ሞታለች ብሎ ፈርሟል!»

«ይፈርማ! እሷ ግን ትከሻዋን ነቀነቀች።»

«ዝጋው!» አለ ልጇ አናጢውን።

ሽማግሌው ሁለት ጊዜ አከታትሎ መታ። አናጢው ጎንበስ ብሎ ወደ ውስጥ አየ። ከዚያ ክዳኑን ግድግዳው ላይ አስደገፈና የቀሚሷን ጫፍ እንድታርገበግበው አቀበላት።