የበቆጂው ቡና ለምን ተለየ

ማኅበሩ ሦስት ቡና ቤቶች ነበሩት፤ አንዱ አሰላ፣ አንዱ ኢተያ፣ ሦስተኛው በቆጂ። ቡናው ግን የሚቆላውና የሚፈጨው አሰላ መጋዘን ነው፤ ሥራው የጠጂቱ ነበር። እሷ ቆልታ ፈጭታ፣ በጣሳ አሽጋ በአውቶቡስ ትልካለች። እንዲህ የተደረገው ሰው ከሦስቱ በየትኛውም ቤት ቢቀመጥ አንድ ዓይነት ቡና እንዲጠጣ ነው።

ደርግ ሥልጣን ከያዘ ዐሥረኛው ዓመት ነበር። ቡና በኮታ ነው የሚገኘው፤ ያቺም ኮታ ክረምት ላይ በግማሽ ተቀንሳለች። እንዲያም ሆኖ ከሦስቱ ቤቶች አንዱም ቡና አልቋል ብሎ ደንበኛ መልሶ አያውቅም። ጠጂቱ በስብሰባ ላይ ተጨብጭቦላታል።

ባሏ ባይሳ የማኅበሩ ተቆጣጣሪ ነው። በየሳምንቱ ሦስቱንም ቤቶች እየዞረ ይቀምሳል። የበቆጂውን ቤት የያዘው የጠጂቱ ታላቅ ወንድም ገረሱ ነበር፤ ንግግር የማያበዛ፣ ባይሳን እንደ ሥጋ ወንድሙ የሚያይ ሰው።

ጥቅምት ላይ ሾፌሮች ማጉረምረም ጀመሩ። የበቆጂው ቡና ከሌሎቹ ይለያል አሉ። ባይሳም ሄዶ ቀመሰው፤ እውነታቸውን ነው። የአሰላውና የኢተያው አንድ ናቸው። የበቆጂው ግን ሌላ ነው።

ወሬው ከሊቀ መንበሩ ከጓድ ከዲሮ ጆሮ ገባ። ከዲሮ ባይሳን ቢሮ አስጠርቶ በሩን ዘጋ። በቆጂ ላይ የማኅበሩን ቡና የሚነካካ ሰው አለ፣ ይህ ደግሞ የኢኮኖሚ አሻጥር ነው አለው። አምና በስኳር ሰበብ የተወሰደው መጋዘን ጠባቂ የት እንደደረሰ ቤተሰቡ እስከ ዛሬ እንደማያውቅም አስታወሰው።

«እስከ ቅዳሜ ሰውየውን ስጠኝ» አለ። «ካልሆነ ያንተን ስም ነው የምጽፈው።»

ባይሳ ከቢሮው በቀጥታ መጋዘን ሄደ። ለጠጂቱ ሲነግራት መቁያው ላይ እጇ ቆመ፤ ቡናው እስኪያር ድረስ አላንቀሳቀሰችውም። የሁለት ወር ልጃቸው ጀርባዋ ላይ ተኝቷል። ወንድሜን ምን ያደርጉታል ብላ ጠየቀችው። ማልቀስም ጀመረች። ውሃው ነው፣ የበቆጂ ውሃ ነው የለየው በላቸው እያለች ለመነችው።

ባይሳም ውሃው በሆነ ብሎ ተመኘ። ሐሙስ ከአሰላ ቧንቧ አንድ ጀሪካን ቀድቶ፣ ጀበናና ስኒ ሳይቀር ከአሰላ ይዞ በቆጂ ወጣ። ገረሱ የተፈጨውን ቡና ከጓዳ በማንኪያ አምጥቶ በዚያ ውሃ አፈላለት። ጣዕሙ ያው የበቆጂው ነው። ባይሳ እንደገና አስፈላ፤ ያው። 

እዚያው ገረሱ ቤት አደረ። ዐርብ ጎህ ሲቀድ ከጓሮ ድምፅ ሰምቶ ወጣ። ገረሱ ከአሰላ የመጣውን ጣሳ ከፍቶ ቡናውን ጉድጓድ ውስጥ ይደፋል፤ በላዩ ዐመድ ይመልሳል። አጠገቡ የታሰረ ከረጢት ተቀምጧል።

 ባይሳ ሰውየውን አገኘ፤ ባያገኘው በወደደ።

ከረጢቱ ውስጥ ምን እንዳለ ጠየቀው። ገረሱ ከረጢቱን አንሥቶ ከኋላው አስቀመጠ። ለምን ብሎ ለመነው። ባይሳ ስለ ሕፃኑ ነገረው፣ ስለ ቅዳሜ ነገረው፣ አንድ ምክንያት ብቻ ስጠኝና እኔ ላስተባብል አለው። ገረሱ ዐመዱን በእግሩ እየደለደለ ቆየ።

«ሰው ካልሰጠህ መጋዘኑንም ይፈትሻሉ?» አለ በመጨረሻ።

«መጋዘኑንም፣ ቤቴንም። ጠጂቱንም ሳይጠይቋት አይቀሩም።»

«እንግዲያው እኔን ጻፍ።»

ባይሳ አሰላ ተመልሶ ጻፈ። ብዕሩን ሲይዝ ከሐዘኑ ይልቅ ንዴቱ በረታበት። እህቱ ልጅ አዝላ የለፋችበትን ቡና ጉድጓድ ከትቶ፣ ምንነቱ የማይታወቅ ነገር ለሕዝብ የሚያጠጣ ሰው እንዴት ወንድም ይባላል እያለ ነበር የፈረመው።

ቅዳሜ ሚሊሻዎች በላንድሮቨር በቆጂ ሲሄዱ ባይሳንም እንዲያመለክት ይዘውት ሄዱ። ገረሱ ጋቢውን ለብሶ ደጁ ላይ ይጠብቅ ነበር። ሲያስሩት አልተከራከረም። አማቼን ልሰናበት ብሎ ብቻ ጠየቀ፤ ፈቀዱለት። ባይሳ ፊቱን ወደ ሌላ አዞረ፤ ገረሱ ግን አንገቱን አቀፈውና ጆሮው ሥር ዝቅ ብሎ እንዲህ አለው፦

«ጠጂቱን ቡናው ላይ ገብስ መቀላቀሏን ታቁም በላት፤ የበቆጂ ሰው ገብስን በጠረኑ ያውቃል፣ ከእንግዲህ ደፍቶ በንጹሕ ቡና የሚተካላት የለም።»