ዝም ያለ እንጨት

አናጢው ለሠራው አዲስ የሥራ ጠረጴዛ የቀረው ነገር፣ እንጨት ጨምድዶ የሚይዝ ሞርሳ ብቻ ነበር። እሱንም አናጢ ባሏ ከሞተባት ሴትዮ ገዛው።

«ነፍሱን ይማረውና፣ ለእንጨት እንኳ አንጀቱ አይችልም ነበር» አለችው እየሳቀች። «ትንሽ ያጠብቅና ‹አመመህ እንዴ?› ይለዋል። እንጨቱ ዝም ሲል አንድ ዙር ይጨምራል።»

እሱም እየሳቀ ቤቱ ወስዶ በብሎን አሰረው። በሞርሳው ጥርሶች መሃል የተሰገሰገውን የቆየ ሰጋቱራ ሊያወጣ ጣቶቹን ሰደደ። እጀታው ማንም ሳይነካው ዞረ፤ ቀስ ብሎ፣ ጣቶቹን እስኪይዝ ድረስ።

ሊያላቅቃቸው ቢታገልም አልሆነለትም። ሚስቱ በመስኮት ትታየዋለች፤ ደጅ አንሶላ እያራገፈች ታሰጣለች።

ከጀርባው አንድ ሰው ጎንበስ አለና፣ በለሰለሰ የወንድ ድምፅ፣ «አመመህ እንዴ?» አለው።

አናጢው ሊመልስ አፉን ከፈተ። ምላሱ ከትናጋው ተጣብቋል።