ለሙኒያንዲ ጀርባ የሚሆን

«እዚህ ላይ የነበረውን ጽሑፍ ማን ሞረደው?» አለች ቲላጋ፣ አዲሱን የመኪና ሞላ ወደ መካኒኩ አፍንጫ አስጠግታ።

ሊዮንግ እጁን በጨርቅ ጠረገ፤ ደንበኛ ሴቶችን ሁሉ «አንቲ»፣ አክስቴ እንደማለት፣ እያለ ነው የሚጠራው። «ፋብሪካው ራሱ ነው አንቲ። ለመኪናው ኩባንያም ለገበያም የሚሠራው አንድ ፋብሪካ ነው። ለገበያ የሚያወጣውን የኩባንያውን ምልክት ሞርዶ ያወጣዋል። ደንቡ ነው።»

«የተሰረቀ ሞተር ሳይክልም ቁጥሩ ይሞረዳል።»

«ሌባ መሰልኩዎት እንዴ?»

«ሌባማ ሌባ መስሎ ቢመጣ ማን በር ይከፍትለት ነበር።»

ሊዮንግ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። አሮጌው የጀርመን ጂፗ ከኋላዋ የመኪና ማንሻው ላይ ተሰቅሏል። ከኋላ በግራ በኩል አየር የሚይዘው የጎማ ሞላ ስለተሰነጠቀ፣ ሳምንቱን ሙሉ በዚያ በኩል እንደ ደከመ በሬ ተንበርክኮ ነበር የሚያድረው። አሁን አሮጌው ሞላ ወልቋል። ምትኩ የትኛው ይሁን በሚለው ላይ ግን ከጠዋት ጀምሮ አልተስማሙም።

ባሏ ሙኒያንዲ እዚሁ ኢፖ ከተማ ሆስፒታል ተኝቷል። አከርካሪው ላይ ስድስት ብሎን አስገብተውለት ዛሬ ቀትር ላይ ይወጣል። ቤታቸው ብሪንቻንግ ተራራው ላይ ነው፤ መንገዱ ደግሞ ከታች እስከ ላይ ጠመዝማዛ ነው። ሐኪሙ ሳይሸፋፍን ነግሯታል፤ በዚህ ሰሞን አንዴ ክፉኛ ከተንገጫገጨ ብሎኑ ሊላቀቅ፣ እሱም ዳግመኛ በእግሩ ላይቆም ይችላል። ይህን ከሰማች ወዲህ መንገድ ላይ ያለ ጉድጓድ ሁሉ ለባሏ የተቆፈረ ይመስላታል።

«ያኛውስ?» ብላ መደርደሪያውን በጣቷ አሳየችው። የሚያብረቀርቅ ማኅተም የተለጠፈበት፣ የኩባንያው ስም በትልቁ የተጻፈበት ካርቶን አለ።

«እሱ ኦርጅናል ነው፤ ዋጋው ሦስት እጥፍ ነው። ካሉ እገጥምልዎታለሁ። እኔን ከጠየቁኝ ግን የተሞረደውን ይውሰዱ።»

ያልዋጠላት ይሄ ነው። በዕድሜዋ ውዱን ግዢ ብሎ የሚለማመጥ ነጋዴ እንጂ ርካሹን ውሰጂ ብሎ ሙጭጭ የሚል አይታ አታውቅም። ነገር አለው። ወይ ዕቃው አልሸጥ ብሎ የከረመበት ነው፣ ወይ ደግሞ ሴት ናት ምን ታውቃለች ብሎ ነው።

«አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ» አለችው። «እኔ ጎመን አብቃይ ነኝ፤ በርካሽ አልታለልም። ኦርጅናሉን አውርድ።»

ሊዮንግ በላስቲክ ከረጢት ተቀድቶ ሚስማር ላይ የተንጠለጠለውን ሻዩን በስትሮ ሳብ አደረገ።

በዚህ መሀል የአሮጌ ካርቶን ሰብሳቢው ጎኑ ላይ ጋሪ በተገጠመለት ሞተር ሳይክል መጣ። ጥግ ላይ የተከመረውን ካርቶን እየረገጠ አጣጠፈና ጫነ። መጨረሻ ላይ ሦስት ባለ ማኅተም ካርቶኖች ቀሩ። እነሱን ግን አልረገጣቸውም። አቧራቸውን በእጅጌው ጠርጎ እንደ እንቁላል ቀስ ብሎ ከላይ አስቀመጣቸው፤ ለሊዮንግም የታጠፈ የሪንጊት ኖት አስጨብጦት ሄደ።

«እነዚያን ለምን አልረገጣቸውም?»

«እኔ ምን አውቃለሁ አንቲ።»

«ታውቃለህ።»

ሊዮንግ መንገዱን አየት አድርጎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ባዶውን የሚገዙ አሉ። ምን እንደሚከቱበት ጠይቄ አላውቅም። ካርቶን አይተው አይግዙ የምልዎት ለዚህ ነው።»

ቲላጋ በገነች። ግን ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ ያመነችው ይህችን ብቻ ነው። እሷም ገበያ ስትወጣ ያማረውን ጎመን ከላይ፣ ትል የነካውን ከታች ነው የምትደረድረው። ስለዚህ የሌላ ሰው ሳጥን ስታይ ዓይኗ የሚሄደው ወደ ታች ነው። ካርቶኑን ራሷ ከመደርደሪያው አውርዳ ገለበጠችው።

ሥሩ በአንዳች ነገር ተፈግፍጓል። ወደ ብርሃን ዘንበል ስታደርገው ግን በማርከር የተጻፈ የሰሌዳ ቁጥር ደብዝዞ ይታያል።

ሊዮንግ ቀረበ። ያዘዘው ዕቃ ሲመጣ እንዳይምታታበት የባለመኪናውን ሰሌዳ ከካርቶኑ ሥር የመጻፍ ልማድ አለው። ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አነበበው።

«የእኔ ጽሕፈት ነው» አለ። «የጥርስ ሐኪሙ መኪና ነው። ዕቃውን አምና ገጥሜለታለሁ።»

«ባዶውን ሸጥክላቸው፣ ሞልተው መልሰው ሸጡልህ።» ሳቋ ሊያመልጣት ነበር፤ ግን መልሳ ዋጠችው። «ይሄንን ማነው ያመጣልህ?»

«አከፋፋዩ።»

«የተሞረደውንስ?»

«እሱው ራሱ» አለ ሊዮንግ። ጠረጴዛው ላይ ያለውን የተሞረደ ሞላ ገና ዛሬ እንዳየው ሁሉ አየው፤ እጁን ግን አልሰደደበትም።

ስልኳ ጠራ፤ ሙኒያንዲ ነበር። «ልብሴን ቀይሬ ቁጭ ብያለሁ። ደረስሽ?»

ቲላጋ ወደ ደጅ ወጣች። ፀሐዩ አስፋልቱን ያቀልጠዋል፤ በተራራው በኩል ያለው ሰማይም ጥርት ያለ ነው።

«ተራራው ላይ ዝናብ ነው አሉ፤ ናዳም አይጠፋም» አለችው። «አንድ ሌሊት እዚያው እደር።»

«እሺ፣ አንቺ ካልሽ» አላት፤ ወዲያውም ነርሷን ጫማውን እንድታወልቅለት ሲለምናት ሰማች።